ውኃው የሸሸበት ወደብ

ባሕር ደስ ይላል የሚለኝ ሰው ባሕር ሲሸሽ አላየም ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ። ውኃው ሄዶ ጭቃው ሲቀር፣ አረንጓዴው አረም ፀሐይ ላይ ተንጋሎ ሲበሰብስ፣ አገሩ ሁሉ የገለማ እንቁላል ይሸታል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመው፣ ሆዳቸው ላይ የተጣበቀውን ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ "ባሕር ውሰጂን" ብለው ሲያለቅሱ ከአባታቸው ጋር በባቡር ሰደድኳቸው እንጂ እኔ አልሄድኩም። ዛሬም አልሄድም።

የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። በ1978 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ።

ያኔ እኔና እናቴ ለንደን፣ ስቶክዌል ነበርን፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። እናቴ አልታየሽ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ትሠራለች። አባቴ ብዙነህ አዲስ አበባ እስር ቤት ነው። "አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" ስላት "ሲፈቱት" ትለኛለች። ሲፈቱት ማለት ለኔ እንደ ፋሲካ የታወቀ ቀን ያለው፣ ብቻ ለኔ ያልተነገረኝ ነገር ነበር። መልኩን አላስታውሰውም። ፎቶው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ስለተቀመጠ፣ ቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር እሱም ያየኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከግንቦት ጀምሮ ጋሽ ዓለምሰገድ የሚባል ሰው እሁድ እሁድ ቤታችን መመላለስ ጀመረ።

ገና ሳየው ቀፈፈኝ። የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ነው የሚሠራው፤ ሹራቡ ሳይቀር ስብ ስብ ይሸታል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው። ገና ሲቀመጥ ሱሪው ላይ ይጠርጋቸዋል፤ ምንም ሳይነካ ይጠርጋቸዋል። ከአውሮፕላን የተረፈ ትንንሽ ቅቤና ብስኩት በላስቲክ ይዞ ይመጣል። አይጫወትም። እናቴን ያያታል፣ ይተነፍሳል። ፎቶውን ያያል፣ ይተነፍሳል። ሻዩን ሲምግ ከኮሪደሩ ይሰማል። ላቡን በመሐረብ ይጠርግና መሐረቡን ገልጦ ያየዋል፤ ምን እንደሚፈልግበት እንጃ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ይቀመጥና "በሉ እንግዲህ" ብሎ ይነሣል። የተነሣበት ወንበር ሞቆ ስለሚቀር እኔ ፎጣ ሳላነጥፍበት አልቀመጥም ነበር።

አንድ እሁድ እትዬ ጸዳለ ልትሸኘው ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እትዬ ጸዳለ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር የእናቴ ጓደኛ ናት። እናቴ ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ በሩ ጀርባ ነኝ።

"ዛሬም አቃተኝ" አላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ! ወንድ አይደለህም እንዴ?"

"ዓይኗን ሳየው ምላሴ ይተሳሰራል።"

"እንግዲያው እዚህ አይሆንም። በባሕሩ ቀን ይሁን። እኛም ሁላችን አለን።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷን ለኔ ተዋት። አንተ እሷን ያዝ።"

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሞኝ አይደለችም። ምላሱ የሚተሳሰር፣ የሴት ዓይን አይቶ የሚያልበው፣ ቅቤ የሚያመላልስ ወንድ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ተስማምቶ እናቴን ሊድራት ነው። አባዬ ተፈትቶ ሲመጣ፣ ያ ላባም ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተሰይሞ ሻይ ሲምግ ሊያገኘው ነው። ይህን የሚያስቆም ከኔ በቀር ማንም የለም አልኩ።

የባሕሩ ጉዞ የልጆች ነው ተባለ። የአገራችን ሰዎች ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ከለንደን ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ወደሚያስኬድ የባሕር ዳር መናፈሻ ሊወስደን ነው። "ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ ሰው የለበትም" እያለች እትዬ ጸዳለ ደጋግማ አወራችልን። ሰው የለበትም የሚለውን ለምን እንደዚያ እንደምታጠብቀው አልገባኝም ነበር።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ለፋሲካ እንኳ ከሥራ የማይቀሩ ሰዎች ለባሕር ብለው ቀርተዋል። አርባ ሰው አውቶቡሱን ሞልቶት ቁጭ ብሏል፤ ልጅ ግን እኔ ብቻ።

"ሌሎቹ ልጆችስ?" አልኳት እትዬ ጸዳለን።

"ጉንፋን ይዟቸዋል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። አንቺ ደግሞ ምርመራ ትወጃለሽ! ቁጭ በይ።"

ከሴቶቹ ጭን ላይ ካለው ዘንቢል ሁሉ ጥቁር ነጠላ ጫፉ ይታያል። ለብርድ ነው አሉኝ። ፀሐይዋ መስኮቱን ታነድደዋለች።

እናቴ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ነበር። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከዚያ በፊት አላየሁትም። ከንፈሯን ቫዝሊን ተቀብታለች። ያ የሚያብለጨልጭ ከንፈር የዶሮ ቂጥ መስሎ ታየኝና ፊቴን አዞርኩ። አውቶቡሱ ናፍጣ ይሸታል፤ ከኋላ አንዱ ላስቲክ ውስጥ ያስመልሳል፤ ያስመለሰው ነገር በየጠመዝማዛው መንገድ ላስቲኩ ውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ባዶ ሆዴን ነኝ። ፍልሰታ ነው። ከትልቅ ሰው እኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ምያለሁ፤ የማልኩትን ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልተውም። ያኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"ሸዋዬ፣ ዛሬ ጋሽ ዓለምሰገድ የሚነግረኝ ነገር ያለው ይመስለኛል። ሰው ሲናገር ይሰማል። መስማት እሺ ማለት አይደለም። ገባሽ?"

ገብቶኛል። እሷም ታውቃለች ማለት ነው።

አሁን ሳስበው፣ እናቴም ልክ እንደኔው ተሳስታ ነበር። እምቢታዋን አዘጋጅታ ነው የተሳፈረችው። እምቢ ለማለት የምትሄድ ሴት ለምን የአበባ ቀሚስ እንደምትለብስ ግን የገባኝ እኔም ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከነበርነው አርባ ሰዎች፣ አባቴ የካቲት ላይ እስር ቤት ውስጥ መሞቱን ሠላሳ ስምንቱ ያውቁ ነበር።

መርዶውን የያዘው ደብዳቤ በሮም በኩል ዞሮ ግንቦት ላይ የደረሰው ለጋሽ ዓለምሰገድ ነው። የአባቴ ሚዜ ነበር። መርዶ ደግሞ የቅርብ ሰው ነው የሚያረዳው፤ ስለዚህ ዕዳው እሱ ላይ ወደቀ። እሁድ እሁድ ሊነግራት ይመጣል፤ ያላባል፤ ቅቤውን አስቀምጦ ይሄዳል። ወጉማ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ማርዳት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ሃክኒ ለምትኖር ፋንታዬ ለምትባል ሴት የእናቷን መርዶ በወጉ ሊያረዱ ጎሕ ሲቀድ ሄደው፣ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህ ጎረቤት ሰው ታረደ ብሎ ፖሊስ ጠራ። በሩ ተሰበረ። ፖሊሶቹ ፊቷን የነጨች ሴትና ግራና ቀኝ የያዟትን ወንዶች ሲያዩ ወንዶቹን ይዘው ሄዱ። ፋንታዬም የእናቷን ልቅሶ አቋርጣ፣ "ኧረ ሊያጽናኑኝ ነው!" ብላ ልትመሰክር ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ሽማግሌዎች መከሩ። የኛ ቤት ግድግዳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚያስብል ነው። ሰው እንደ ልቡ የሚጮህበት ቦታ ባሕር ዳር ብቻ ነው ተባለ። አርባ ሰው ከሥራ ቀርቶ የተሳፈረው እናቴ እንድትጮህ ነው።

ስንደርስ ውኃ የለም። መሬቱ እንደ ሁለት ክንድ ከግራና ከቀኝ ተዘርግቶ፣ በመሃሉ ግን የታቀፈው ጭቃ ብቻ ነው። ከሩቅ ቀጭን ብርማ መስመር ይታያል፤ ባሕሩ ያ ነው አሉኝ። ጭቃው ይተነፍሳል፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ እያሉ ጪጪ ይላሉ፤ ከየቀዳዳው ትል የተፋው አፈር እንደ ፓስታ ተጠቅልሎ ይወጣል። ሽታው አፍንጫዬን አልፎ ምላሴ ላይ ተቀመጠ።

"ይኸውልሽ፣ የተፈጥሮ ወደብ ማለት ይህ ነው" አለኝ ጋሽ ዓለምሰገድ። ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። "የሰው እጅ የለበትም። እግዜር ራሱ ነው ለመርከብ መጠጊያ ያበጀው። ውኃው ደግሞ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ይመለሳል።" እያወራኝ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

ሰዉ ሣሩ ላይ ሸማ አንጥፎ ተቀመጠ። አይሳቅም፣ አይዘፈንም፤ የሽርሽር ሰው አይመስልም። ሰባት ሰዓት ገደማ ጋሽ ዓለምሰገድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለች ትንሽ ኪዮስክ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝቶ መጣ። ወረቀቱ ቅባት ጠጥቶ ጣቶቹ በዚያ በኩል ይታያሉ። ኮምጣጤው ከሩቅ ይጣራል። እነዚህ ሰዎች ድንች በከብት ሞራ እንደሚጠብሱ ደግሞ ከትምህርት ቤት አውቃለሁ።

እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት። ወረቀቱን ፊቷ ላይ ፈታው።

"ጋሽ ዓለምሰገድ! ፍልሰታ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ።"

"ዘጠኝ ሰዓት መች ሆነ? ደግሞስ ዓሣ!"

እትዬ ጸዳለ ገባችበት። "ነፍስ አባትሽን ጠይቄልሻለሁ። ለዛሬ ፈቅደውልሻል።"

"ለኔ? ማን ጠይቂልኝ አለሽ?"

"ደምሽ አንሷል። አመድ መስለሻል፣ ፊትሽን መስተዋት ላይ አላየሽውም?"

"ቫዝሊን ተቀብቼ ነው አመድ የምመስለው?" ብላ ሳቀች እናቴ። ብቻዋን ነው የሳቀችው።

"አፈር ስሆን" አላት ጋሽ ዓለምሰገድ፣ "አፈር ስሆን፣ እቺን ብቻ።"

ጠቀለለና ዘረጋላት። ቅባቱ በመዳፉ ወርዶ፣ በእጁ አንጓ ዞሮ፣ እጅጌው ውስጥ ገባ። እናቴ አየችው፤ ምን እንዳየችበት እንጃ፣ አዘነችለትና አፏን ከፈተች። ያ የሚያብለጨልጭ ከንፈር የዚያን ሰውዬ አውራ ጣት ሲነካ ጥርሴን አፋጨሁ። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ ከማለዳ ጀምሮ ባዶ የሆነው ሆዴ ሽታውን ሰምቶ ጮኸ፤ አፌ ምራቅ ሞላ። የራሴ አፍ ቀፈፈኝ። ሣሩ ላይ ተፋሁ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብሎ ሁለተኛውን ጠቀለለ። ከዚያ ሦስተኛውን። ታኝካለች፤ እሱ ስትውጥ ጉሮሮዋን እያየ ይቆጥራል።

መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ባዶ ሆዷን ከሰማች ትወድቃለች፣ ትታመማለች። አውቶቡሱ ዐሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ቢጠብቁ የልቅሶ ጊዜ አይኖርም። ይህን ሁሉ አስልተው ነው ጾሟን ያስገደፏት። እኔ ግን ያየሁት አንድ ስባም ሰውዬ በአደባባይ፣ በፍልሰታ፣ እናቴን በሞራ ሲያረክስ ነው።

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ማንም ምንም ሳይል ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ ቀረበ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ይዘዋል። ሁለት ወንዶች ዞረው ከእናቴ ጀርባ ቆሙ። እትዬ ጸዳለ እጄን ያዘች።

"ነይ ሸርጣን ላሳይሽ።"

"አልፈልግም።"

"ነይ እንጂ አንቺ ልጅ! እግሩ ስምንት ነው!"

ጎተተችኝ። ዞሬ ሳይ ጋሽ ዓለምሰገድ ከወንበሩ ፊት በርከክ ብሎ ሁለቱንም የእናቴን እጆች በዚያ ቅባታም እጁ ይዟል።

"አልታየሽ" ይላል፣ "እኅቴ… አንድ የምነግርሽ…"

እትዬ ጸዳለን ቅልጥሟን በጫማዬ ብያት አመለጥኩ። ሮጬ ደረስኩና እጁን ነከስኩት። አውራ ጣቱ ሥር፣ ሥጋው ወፍራም በሆነበት። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ ኮምጣጤ፣ ከዚያ ሞራ፣ ከዚያ ደም። የዚያን ዓመት ፍልሰታ የገደፍኩት በጋሽ ዓለምሰገድ እጅ ነው።

አልመነጨቀኝም። እጁን ሰጠኝ። እናቴ በፀጉሬ ይዛ አላቀቀችኝ።

"አንቺ ባለጌ! ምን ነካሽ?"

"ሊያገባሽ ነው!" አልኩ፤ የጮኸው ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። "ሁሉም ያውቃሉ! አባዬ ሲመጣ እነግረዋለሁ! ሁሉንም እነግረዋለሁ!"

እናቴ ፊቷ ቀላ። "ኧረ በስመ አብ!" ብላ በእፍረት ሳቀች። "ጋሽ ዓለምሰገድ፣ አፉ በለኝ፤ ልጅ ናት፣ ከየት እንዳመጣችው…" እያለች አብሯት የሚስቅ ሰው ፍለጋ ቀና አለች።

የሳቀ የለም። እትዬ ጸዳለን አየች፤ እትዬ ጸዳለ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ዘንቢሎቹን አየች። ከጀርባዋ የቆሙትን ሁለቱን ወንዶች ዞራ አየች። ጋሽ ዓለምሰገድ እንደተንበረከከ ነው፤ ላቡ ነው ያልኩት ነገር ከዓይኑ ይወርዳል። የእናቴ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ጥርሷ እንደተገለጠ።

"ብዙነህ?" አለች፣ በትንሽ ድምፅ።

ጋሽ ዓለምሰገድ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የአባቴን ስም ጠራች፤ አስታወሰችው ማለት ነው። አሸነፍኩ።

አንዷ ሴት "ወይኔ" ብላ ልትጀምር አፏን ስትከፍት እናቴ እጇን አነሣች። "ዋ!" አለች። "ልጄ ፊት ማንም እንዳይጮህ።"

ማንም አልጮኸም። ሁለት ሰዓት ተጉዘው ሊጮሁ የመጡ ሠላሳ ስምንት ሰዎች አፋቸውን ገጥመው ቆሙ። አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ውሻውን እየጎተተ በመሃላችን አለፈና "ቀኑ ደስ ይላል፣ አይደል?" አለ። "የስ፣ ቬሪ ናይስ" አለው ከኋላ አንዱ።

እናቴ ተነሣች። ሁለቱ ወንዶች ሊይዟት ሲሉ ገፋቻቸው። ቁልቁል ወርዳ፣ ከነጫማዋ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠች። ደርባ የመጣችውን ነጠላ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ትከሻዋ ሲነሣና ሲወድቅ ከጀርባ አያለሁ፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ ነጠላውን አወጣችና ዓሣውን፣ ድንቹን፣ ሁሉንም ጭቃው ላይ አስመለሰችው። ነጫጭ ወፎች ከየት መጡ ሳይባል ወርደው፣ እግሯ ሥር እየተጣሉ ያስመለሰችውን ለቀሙት። አንዷ ወፍ የድንች ቁራጭ ይዛ በራሴ ላይ አለፈች። ጾሟን የገደፈችበት ወጣላት፣ እሰይ፣ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ጥቁር ለበሰች፤ ስለት ነው አለችኝ። ቅጣቷ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ጥቁሯን እያየሁ ረካሁ። ጋሽ ዓለምሰገድ እሁድ እሁድ መምጣቱን አልተወም፤ እጁ ላይ ፋሻ አድርጎ ሲመጣ እንኳ ሰላም አልኩት አልልም። እውነቱን ያወቅኩት በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ካውንስል ለሚባለው ማዘጋጃ ቤት የቤት ፎርም እየሞላሁላት፣ ያገባች፣ ያላገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት የሚል ጋ ደረስኩ። ያገባች የሚለው ላይ እስክሪብቶዬን ሳሳርፍ እናቴ ከምትጠብሰው ሽንኩርት ላይ ሳትዞር፣ "እዚያ አይደለም ሸዋዬ፣ መጨረሻው ላይ አድርጊው" አለችኝ። የአባቴን መርዶ ያረዳሁት እኔው ነኝ፤ ለኔ ያረዳኝ ደግሞ ፎርም ነው። እናቴ ዘንድሮ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ አልጮኸችም።

ያን ቀን በዚያው አውቶቡስ ተመለስን። እናቴ በመስኮቱ በኩል ናት። እግሯ ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ሽታው ከኛ ጋር ተሳፍሯል። ቀሚሷ ላይ ትውከት አለ። አልቀርባትም ብዬ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለንደን ስንቃረብ ግን ፊቷን ሳየው አሳዘነችኝ፤ ይቅር ልበላት አልኩ። አፍንጫዬን ይዤ ተጠጋኋት፤ እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግኩ።

"አይዞሽ እማዬ" አልኳት። "ለአባዬ አልነግረውም።"

ዞራ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከንፈሯ ላይ ቫዝሊኑ የለም፤ ነጭ ጨው መሳይ ነገር ደርቆበታል።

"እሺ" አለችኝ። "አትንገሪው።"